ዜሮ ዳውን ፔይመንቱስ እሺ፣ ጎርፉስ?

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውሎ «ውሃ ዳር ያለ ቤት ያለ ዳውን ፔይመንት ይገዛል አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው። ግን ሁሉም ሰው ዳውን ፔይመንቱ ላይ፣ መጀመሪያ ከኪሱ በሚከፍለው ብር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ሳይ ይገርመኛል።

ወሬው ስለ ዩኤስዲኤ ብድር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ገጠር ቤት ለሚገዛ ሰው ለባንኩ ዋስ ይሆናል፣ ባንኩም የቤቱን ዋጋ ሙሉውን ያበድራል። ገጠር ሲባል እኛ ሐበሾች የሚታየን የሣር ጎጆና የጭቃ መንገድ ነው። እዚህ ግን የካርታ ጉዳይ ነው። ከቼሳፒክ ድልድይ ማዶ፣ እንደ ክሪስፊልድ ያሉ ትናንሽ የሜሪላንድ ከተሞች ገጠር ተብለው ይቆጠራሉ። የሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ብታስገቡ ይፈቀድ አይፈቀድ ወዲያው ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ገቢው ላይ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶውን ማለፍ የለበትም። ቤተሰብ ሲባል ደግሞ ብድሩ ላይ የሚፈርመው ብቻ አይደለም። አብራችሁ የምትኖረው እህታችሁ ኡበር የምትነዳ ከሆነ የሷም ይቆጠራል። እኛ ደግሞ ብቻ መኖር አናውቅበትም! ቤቱም ራሳችሁ የምትኖሩበት መሆን አለበት። ዜሮ ከፍዬ ገዝቼ በኤርቢኤንቢ አከራየዋለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ ብድር ማመልከቻ ላይ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው።

ዜሮ ማለትም ነፃ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የብድሩ 1 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ ከቀሪው ዕዳ 0.35 በመቶ ይከፈላል። መንግሥት ዋስ ከሚሆንለት ሌላው ብድር፣ ከኤፍኤችኤ ጋር ሲተያይ ግን ይቀላል።

ዩኤስዲኤ እንቢ ካለስ? የዕዳ አከፋፈል ነጥባችሁ (ክሬዲታችሁ) 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤፍኤችኤ በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት ያስገባችኋል። ኮንቬንሽናል የሚባለው፣ የመንግሥት ዋስትና የሌለው ብድር ደግሞ በ3 በመቶም አለ። ለ250,000 ዶላር ቤት ያኛው 8,750፣ ይኼኛው 7,500 መሆኑ ነው። ክሬዲቱ ጥሩ ለሆነ ሰው እኔ ኮንቬንሽናሉን እመርጥለታለሁ። የሞርጌጅ ኢንሹራንሱን፣ ዕዳውን ባትከፍሉ አበዳሪውን የሚጠብቀውን፣ ዕዳችሁ ከቤቱ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ይነሣልኝ ማለት ትችላላችሁ። ኤፍኤችኤ ላይ ከ10 በመቶ በታች ከፍላችሁ ከገባችሁ ብድሩ እስኪያልቅ ይከተላችኋል። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ካለ ደግሞ ቪኤ የሚባለውን መጀመሪያ ይጠይቅ፣ እሱም በዜሮ ነው።

ይቺን 8,000 ምናምን እቁብ ይችላታል። ችግሩ እቁቡ በጥሬ ገንዘብ ደርሷችሁ ባንክ ስታስገቡት ነው። ብድሩን የሚመረምረው ሎን ኦፊሰር የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል፣ ድንገት የገባ ትልቅ ብር ካገኘ ከየት መጣ ይላል። እቁብ ምን እንደሆነ ስታስረዱት ማየት ነው! በየወሩ የጣላችሁትን በባንክ በኩል አድርጉት፣ ዱካው ይታይ።

አሁን ወደ ውሃው። ክሪስፊልድን በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል አጥለቅልቋታል። ፌማ የተባለው የመንግሥት የአደጋ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ አለበት ብሎ በካርታው ላይ ያስቀመጠው ቦታ ከሆነ፣ ከላይ ያሉት ብድሮች ሁሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስገድዳሉ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስም ለሕንፃው ከ250,000 ዶላር በላይ አይከፍልም።

ብድሩን ራሱን የሚያሳንሰውም ይኼ ነው። ዩኤስዲኤ በመደበኛው የቤት ወጪያችሁ ከገቢያችሁ 29 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈልጋል፣ ኢንሹራንሱም እዚያው ውስጥ ይገባል። በወር 6,000 የምታገኙ ከሆነ 1,740 ዶላር ነው ጣሪያችሁ። ለጎርፉ በወር 200 ተጠየቃችሁ እንበል፣ 1,540 ቀራችሁ። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ዋጋ ለሻጩ የመግዣ ሐሳብ (ኦፈር) ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። ሻጩ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ካለው ወደ ስማችሁ ሊዛወር ይችላል፣ አንዳንዴ በቅናሽ ዋጋው።

ጓደኛዬ የላከልኝን አድራሻ የፌማ ካርታ ላይ አየሁት። ኤኢ ይላል፣ ኢንሹራንስ ግዴታ ከሆነባቸው ቦታዎች ውስጥ ነው። ደወልኩና «ሻጩ የጎርፍ ኢንሹራንስ አለው?» አልኩት።

«የሱ ኢንሹራንስ ምን አገባኝ፣ እኔ ቤቱን ነው የምገዛው» አለኝ።

ጠይቀህ ደውልልኝ ብዬ ዘጋሁት።