ማስተካከያ፦ የዴላኖን የወይን ለቃሚዎች አድማ የጀመሩት እነማን ናቸው?

ስለ ምግብ ፍትሕ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ በካሊፎርኒያ ዴላኖ የተካሄደውን የወይን ለቃሚዎች አድማ የጀመረው የእርሻ ሠራተኞች መሪ የነበረው ሴሳር ቻቬዝ እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ሊታረም ይገባል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 ሥራ ያቆሙት ፊሊፒናውያን የእርሻ ሠራተኞች ናቸው፤ ከመሪዎቻቸው አንዱም ላሪ ኢትሊዮንግ ነበር። የጠየቁት በሰዓት 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። በዚያው ዓመት እዚያው ካሊፎርኒያ ባለው የኮቼላ ሸለቆ ይህን ክፍያ አስከብረው ነበር፤ የዴላኖ ባለ እርሻዎች ግን አሻፈረን አሉ። ብዙዎቹ አድመኞች ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትዳር ያልያዙ ወንዶች ነበሩ። የካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1948 ድረስ ነጭ ሴት እንዳያገቡ ይከለክላቸው ነበር። አድማው ሲወሳ ከሁሉ በፊት የሚዘነጉት እነዚህ ሰዎች መሆናቸው ያሳዝናል።

ቻቬዝና ዶሎረስ ሁዌርታ የሚመሩት፣ አብዛኞቹ አባላቱ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑበት ማኅበር አድማውን ለመቀላቀል የወሰነው ሴፕቴምበር 16 ነው። ውሳኔው ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ባለ እርሻዎቹ የአንዱን ወገን አድማ በሌላው ጉልበት መስበር ልማዳቸው ነበርና። የፊሊፒናውያኑ ማኅበርና የእነ ቻቬዝ ማኅበር በ1966 ተዋሐዱ፤ ዋናዎቹ የዴላኖ ወይን አምራቾች ውል የፈረሙትም በ1970 ነው።

የ1935ቱ የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ለቃሚዎቹን ይጠብቅ እንደነበር የተጻፈውም ትክክል አይደለም። ሕጉ የእርሻ ሠራተኞችን ለይቶ አስቀርቷል። ካሊፎርኒያ የመደራጀትና በጋራ የመደራደር መብታቸውን በሕግ ያረጋገጠችው በ1975 ነው።