ኒኮን ኤፍ የጁጃሮ ሥራ አይደለም

ወንድሜ፣ የኒኮን ኤፍ ካሜራን ውበት ማድነቅህ ተገቢ ነው፤ «ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው» ያልከው ግን ብዙዎች የሚደጋግሙት ስሕተት ነው። ጁጃሮ በኤፍ ተከታታይ ካሜራዎች ላይ እጁን ያሳረፈው እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ ከቀረበው ኤፍ3 ጀምሮ ነው፤ በኒኮን ካሜራዎች ፊት ላይ የምትታየው ታዋቂዋ ቀይ መስመርም የእሱ ናት። ኤፍ የወጣው ግን በ1959 ነው። ከሌንሱ በላይ ጎልቶ የሚታየውን፣ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ማዕዘኑ የሾለውን የፕሪዝም (ምስሉን ወደ ዓይን የሚያደርሰው መስታወት) ሽፋን የቀረጸው ጃፓናዊው የግራፊክ ባለሙያ ዩሳኩ ካሜኩራ ነው። (አበበ ቢቂላ ማራቶን ያሸነፈበትን የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዓርማ የነደፈውም እሱ ራሱ ነው!) ሁሉም ነገር የካሜኩራ ነው ማለቴ አይደለም፤ አካሉ በአብዛኛው ከቀደመው የኒኮን ኤስፒ ካሜራ የተወረሰ ነው። ፎቶ የሚነሣበት ቁልፍ ወደ ኋላ ሸሽቶ ለጣት የማይመቸውም ለዚህ ነው።