ኤክስቴንሽን ሃርሞኒክን አያጣራም

ስለ ስፒከር ዝዝታ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ፊልተር ያለው ኤክስቴንሽን ግዙ፣ የስፒከሩ ዝዝታ ይጠፋል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

ባሕር ዳር ውስጥ አነስ ያለች የመቅጃ ክፍል አለችኝ። ከጎረቤቴ ብየዳ ቤት የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ማሲንቆ ስቀዳ ተጫዋቹ ቀስቱን ሲያነሳ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ከኋላ ይቀራል። ብየዳው ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። አንዴ የሙሉ ቀን ቀረጻ ጥለናል። በጣም ያናድዳል።

የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ነው። ቻርጀር፣ ኮምፒውተርና ኤልኢዲ አምፖል ከሞገዱ ጫፍ ጫፉን ስለሚስቡ ቅርጹ ይበላሻል። 150፣ 250፣ 350 ኸርዝ ይጨመርበታል፤ እነዚህ የ50 ብዜቶች ሃርሞኒክ ይባላሉ። ከጣና ውሃ የሚወስደው የበለስ ማመንጫ ጥፋት የለበትም፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። የምናቆሽሸው እኛው ነን፣ እዚሁ ሰፈር።

የኤክስቴንሽን ፊልተር የተሠራው ከዚህ እጅግ ከፍ ላለ ፍሪኩዌንሲ ነው። 150 ኸርዝን ዝም ብሎ ያሳልፋል። እሱን ለመያዝ የብረት እምብርት ያለው ትልቅና ከባድ የሽቦ ጥቅል ያስፈልጋል። ስታቢላይዘርም ቮልቴጁን እንጂ ቅርጹን አያስተካክልም። ኦንላይን የሚባለው ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ግን መብራቱን ወደ ዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ ቀይሮ አዲስ ሞገድ ይሠራል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሚክሰሩን፣ ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን ከአንድ ሶኬት ሰክታችሁ ሞክሩ። እኔ ጋ ትልቁ ዝዝታ የጠፋው በዚህ ነው፤ መሣሪያዎቹ በሁለት የተለያየ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የደህንነት ሽቦ) ተያይዘው ነበር። የግራውንዱን ሽቦ መቁረጥ ግን በፍጹም! ሰው ይገድላል።