ሰምና ወርቅ ስንል እሳቱን የት ጣልነው?

ስለ ቅኔ ከተነሳ ጎጃምን የሚቀድም የለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እየተባለ የቅኔ ቤቱ ይቆጠራል። ሰምና ወርቅም ትምህርት ቤት ለገባ ሁሉ የታወቀ ነው፤ «ሰም ላይ ላዩ፣ ወርቅ ውስጡ» ተብሎ ይሸመደዳል፣ ለፈተና ይጻፋል፣ ይረሳል። ይህ አገላለጽ ሐሰት ነው ባይባልም ምሳሌው የተወሰደበት አንጥረኛ ቢሰማው ይስቅበታል። ወርቁ ሰሙ ውስጥ ተደብቆ አያውቅማ! ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። አንዱ የሚገባው ሌላው ሲወጣ ነው፤ የሚያስወጣው ደግሞ እሳት ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ይዘን ሦስተኛውን ጥለነዋል፤ ግጥማችንም፣ ለባለሙያው ያለን አመለካከትም የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሥራውን ከሥሩ እንየው። አንጥረኛው መስቀሉን ወይም ቀለበቱን መጀመሪያ በንብ ሰም ይቀርጻል። ከቅርጹ ጫፍ እርሳስ የሚያህል የሰም ጭራ ይቀጥልበታል፤ ሰሙ የሚወጣበት፣ ኋላም ወርቁ የሚገባበት መንገድ እሱ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አየር የሚያመልጥበት ቀጠን ያለ ጭራ ያክላል። ከዚያ የላመ የሸክላ አፈር ከከሰል ዱቄት ጋር አቅጥኖ ይለቀልቀዋል። የሰሙን ጭረት ሁሉ የሚቀዳው ይህ የመጀመሪያው ልባስ ስለሆነ አሸዋ ከገባበት ሥራው ከወዲሁ ተበላሸ። በላዩ ላይ ጭድ ወይም እበት የገባበት ወፍራም ጭቃ በየተራ ይደረብበታል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። የሚደርቀውም ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ካገኘው ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ሰሙም ይልማል።

አሁን እሳቱ ይመጣል፤ እሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል። ንጹሕ ወርቅ ግን 1,064 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ብርም 962 ገደማ። ስለዚህ መጀመሪያ ለስላሳ፣ ትዕግሥተኛ እሳት፤ ቅርጹ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ፍም አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰሙ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ቀጥሎ የሰሙ ርዝራዥ እንዲቃጠል ሸክላው ራሱ እስኪቀላ ይግላል። ብርቱው እሳት ለብቻው፣ ወናፍ እየተነፋበት፣ ወርቁን ያቀልጣል። አንጥረኛው ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ፍሙ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲያልፍ ያያል።

ስንት ወርቅ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ከሰሙ ያውቃል። ወርቅ ከሰም 20 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ 5 ግራም ሰም የያዘውን ቦታ ለመሙላት 100 ግራም ያህል ወርቅ ያስፈልጋል፤ ለናስ ከሆነ 45 ግራም ገደማ ይበቃል። ሰሙን ሳይመዝን የጀመረ አንጥረኛ መስቀሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ወርቁ ያልቅበታል።

ስሕተቱም የታወቀ ነው። ጭቃው ውስጥ እርጥበት ከቀረ በእንፋሎት ይፈነዳል። ሰሙ ተሟጦ ካልወጣ ወርቁ ይቦረቦራል። የአየር መውጫው ከተረሳ ወርቁ ጥግ ድረስ አይደርስም። ቅርጹ ቀዝቅዞ ከተፈሰሰበት መንገድ ላይ ይረጋል።

ግጥምም የሚበላሸው በነዚሁ ምክንያቶች ነው። ለማሳያ ያህል የተገጠመች ሁለት ስንኝ፤

አበዳሪ መጥቶ ቢጮህበት ማታ፣
ነዶ ቆጠረለት ሳይናገር ላፍታ።

ሰሙ ገበሬው ዕዳውን በእህል ነዶ ከፈለ ነው። ወርቁ በንዴት ነዶ፣ ውስጡ እየተቃጠለ፣ ገንዘቡን ቆጠረለት ነው። አሁን ሆን ብለን እናበላሻት። «የጤፍ ነዶ ቆጠረለት» ብንል ሰሙ መውጫ አጣ፤ እህል ብቻ ሆኖ ቀረ። «በንዴት ነዶ ቆጠረለት» ብንል ደግሞ ሰም የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም፤ ወርቁን ባዶ መሬት ላይ ደፋነው። «ቢጮህበት» የሚለውን አውጥተን «ቢመጣበት» ብንተካው፣ ነገሩ አይፈርስም፣ ግን አድማጩ ንዴቱን የሚጠረጥርበት ቀዳዳ ይጠባል። ያቺ ቃል የአየር መውጫዋ ነች። «ሳይናገር ላፍታ» የሚለውም ለቤት መምቻ ብቻ የገባ አይደለም፤ ዝም ያለ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ያጠያይቃል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህን ሁለት እሳት ያውቀዋል። ተማሪው ብቻውን ዱር ለዱር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ይውላል፤ ያ ለስላሳው እሳት ነው። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይነቅፋል፣ ያርማል፣ ይሰብራል። ከቅኔ ዓይነቶች ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላት ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ ከዚህ አያመልጡም። የዛሬ ፌስቡክ ላይ የሚነበበው ግጥም ግን ብዙው በሁለተኛው እሳት ብቻ የተሠራ ነው። ነደድኩ፣ ተቃጠልኩ፣ ነበልባል፣ አመድ... ወናፉ ሌት ተቀን ይነፋል፣ ወርቁም ቀልጧል እንበል፤ የሚፈስበት ቅርጽ ግን የለም። አገሩ እየነደደ ስለ እሳት አትጻፉ የሚል የለም፤ ጎጃም ሰሞኑን ከእሳት ሌላ ምን አይቶ! ነገር ግን የምር የነደደበት ሰው እንደዚያ ገበሬ ዝም ብሎ ይቆጥራል እንጂ «ነደድኩ» እያለ አያውጅም።

የከፋው ግን ይሄ አይደለም። ምሳሌውን ከባለእጁ ቤት ወስደን ባለእጁን በር ላይ አስቀርተነዋል። ብልህ ልጅ ሲያጋጥመን «እሳት የላሰ» ብለን እናደንቃለን። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት የተቀመጠውን ሰው ግን ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል አልነው። የደመራውን አመድ ግንባራችን ላይ እንቀባለን፤ የከሰል አመድ የለበሰ እጅ ግን ለጋብቻ አይጠየቅም። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ ካህኑ የሚባርክበት መስቀል፣ ዕጣን የሚጤስበት ጽና ሳይቀር ከዚያ እጅ የወጣ ነው። በርስት ዘመን አብዛኛው ባለእጅ የመሬት ድርሻ አልነበረውም። መሬት ያለው ደግሞ መሬት የሌለውን መጠርጠር አይከብደውም፤ የቡዳው ወሬ ከዓይን ይልቅ በድንበርና በርስት ሳይጸና አልቀረም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ሊያስወጣ ሞክሮ ይሆናል፤ ከሠርግ ሽምግልና ግን አላስወጣውም። የቅኔ ሊቃውንትን የሚያወድሱ ጽሑፎችን ያነበበ፣ አንጥረኛው በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሲመሰገን የሚያገኘው በብርቅ ነው።

የአማርኛ መምህራን ቢሰሙኝ፣ ሰምና ወርቅ የሚለውን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ባይጀምሩት ጥሩ ነበር። ለአንድ ክፍል ማሳያ 20 ግራም የንብ ሰምና 200 ግራም የናስ ቁርጥራጭ ይበቃል፤ ከ180 ግራም በላይ ያለው ለመግቢያው መንገድ ነው። ሰሙ ከንብ አርቢ፣ ናሱ ከተሰባበረ ቧንቧ ይገኛል። ጭቃው እስኪደርቅ ቀናት ስለሚወስድ ባለእጁ ቅርጹን ቀድሞ ያዘጋጅ፤ በዕለቱ ሰሙን ማውጣትና ናሱን ማፍሰስ ብቻ ይሠራ። ናስ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ስለሚጎዳ ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ነፋሱ ከተማሪዎቹ ወደ እሳቱ ይንፈስ፤ ቅርጹ ቢፈነዳ ፍንጣሪው እንዳይደርስባቸው ራቅ ብለው ይቁሙ። ባለእጁም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር በስሙ ይጠራ፣ አበሉም እኩል ይከፈለው።