የቲቢ መድኃኒት ሌላውን ክኒን ሲያከሽፈው

የቲቢ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚነገረው ነገር አለ፤ «ሽንትህ ይቀላል፣ አትደንግጥ።» ጥሩ ምክር ነው። ደም የሸና መስሎት መድኃኒቱን እንዳይጥል ይረዳዋል። ግን የቀላ ሽንት ማንንም አይጎዳም። ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ሽንቱን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን ነው። በተለመደው የ6 ወር ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አይለይም። ሕክምናው በ6 ወር እንዲያልቅ ያስቻለውም በዋናነት እሱ ነው። ስለዚህ ይህን አንብቦ ማንም መድኃኒቱን እንዳያቆም። የምናገረው ስለ ጎረቤቶቹ፣ አብረውት ስለሚወሰዱት ሌሎች መድኃኒቶች ነው።

ጉበታችንና አንጀታችን ውስጥ ፒኤክስአር የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሙሉ ስሙ ፕሬግናን ኤክስ ሪሴፕተር። ሴሉ ውስጥ ሆነው ጂኖችን ከሚያዙት ተቀባዮች አንዱ ሲሆን የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ እንደ ኮንትራት ባጃጅ ናቸው፤ አንዱ ኢስትሮጅንን፣ ሌላው ኮርቲሶልን ይጭናል። ፒኤክስአር ግን የመናኸሪያ ሚኒባስ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያሳፍራል። ሥራው ከውጭ የገባ ኬሚካል መኖሩን ማወቅ ስለሆነ መምረጥ አያዋጣውም። አንድ ነገር ሲይዝ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና የማስወገጃ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያዛል። ዋናው ሲፕ 3ኤ4 ነው፤ ከምንውጣቸው መድኃኒቶች እጅግ ብዙዎቹን የሚሰባብረው እሱ ነው።

ፒኤክስአርን ከሚቀሰቅሱት መድኃኒቶች ደግሞ ሪፋምፒሲን ከኃይለኞቹ አንዱ ነው። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ጉበቱ በሌላ ፍጥነት መሥራት ይጀምራል። ሚዳዞላም የሚባለው ማስተኛ በአፍ ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከ90 በመቶ በላይ ይወርዳል። ክኒኑ ያው ነው፣ በሰዓቱ ተውጧል፣ ግን አይሠራም። የሚገርመው፣ አይጥ ላይ ቢሞከር ይህ ጎልቶ አይታይም። የአይጥ ፒኤክስአር ለሪፋምፒሲን እምብዛም ደንታ የለውም።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን ብዙ ወጣት ሴት ሠራተኞችን ተቀብላለች። የቤት ኪራይ ስለማይቀመስ ተሰብስበው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቲቢ ደግሞ የተጨናነቀና አየር የማያገኝ ክፍል ይመቸዋል። ከእነዚህ ልጆች አንዷ የወሊድ መከላከያ ክኒን እየወሰደች፣ ወይም ክንዷ ላይ ኢምፕላንት አስቀብራ፣ ቲቢ ቢይዛትስ? ሆርሞኖቹን የሚሰባብረው ያው ሲፕ 3ኤ4 ነው። ሳታውቀው ልታረግዝ ትችላለች።

የሩቅ ስጋት አይደለም። ኤፋቪረንዝ የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ፒኤክስአርንና ካር የተባለውን ወንድሙን ይቀሰቅሳል፤ ያውም ከሪፋምፒሲን ለዘብ ብሎ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የካምፓላ ጥናት ላይ ኤፋቪረንዝ እየወሰዱ ኢምፕላንት ካስቀበሩ 20 ሴቶች 3ቱ ዓመት ሳይሞላ አርግዘዋል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሪፋምፒሲን ለምትወስድ ሴት ክኒን አይመከርም፤ ዲፖ የሚባለው መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን ይፈቀዳሉ። ሁለቱም ጤና ጣቢያው ውስጥ አሉ። ከቲቢ ክፍል እስከ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ጥቂት እርምጃ ነው፤ መረጃው ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አይሻገርም። አንዱ ክፍል ሳንባዋን፣ ሌላው ማህፀኗን ይጠይቃል። ጉበቷ ግን አንድ ነው።

«እሷ ራሷ ለምን አትናገርም?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ ፋርማሲ መስኮት ፊት ቁሙ። ከኋላ ሦስት ሰው አንገቱን አስግጎ እየሰማ «ክኒን እወስዳለሁ» የምትል ያላገባች ልጅ የለችም። ዝም ብላ የታዘዘላትን ተቀብላ ትሄዳለች። ከሰነበተ በኋላ ፖስት ፒል ብትገዛም እሱም ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፤ ያው ኢንዛይም ይጠብቀዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባለሙያው ነው፤ በር ዘግቶ።

ጉዳዩ የሴቶች ብቻም አይደለም። ሐዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ ኮአርተም ውስጥ ያሉት ሁለቱም መድኃኒቶች ከሪፋምፒሲን ጋር ሲወሰዱ ደም ውስጥ ያላቸው መጠን ክፉኛ ይወርዳል። ከሐይቁ ለሚመጣው ቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንተልም እንዲሁ።

ባለሙያው ሥራ እንደሚበዛበት አውቃለሁ። ግን ሲፈለግ እንደሚቻል አይተናል። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ የኤችአይቪ ታካሚ ቲቢ ሲይዘው በቀን አንዴ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይሆናል። መመሪያው ላይ ስለተጻፈ ነርሷ ስለ ፒኤክስአር ማወቅ ሳያስፈልጋት ትሠራዋለች። ለክኒኑና ለኢምፕላንቱም እንዲህ ያለ አንድ መስመር የቲቢ ካርድ ላይ ቢታተም ምን ይገደናል?

ሌላም መስመር ያስፈልጋል፤ ለመጨረሻው ቀን። ሪፋምፒሲን ሲቆም ጉበቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በሕክምናው ጊዜ መጠኑ ተጨምሮለት ከነበረ፣ ያ መጠን አሁን ይበዛበታል፤ ሊደማም ይችላል። እሱ ግን ቲቢው ስለለቀቀው ደስ ብሎት ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ካርዱ ሲዘጋ የዋርፋሪን መጠኑ የሚታይበት ቀጠሮም አብሮ ይጻፍለት።