«ራጁ ምንም የለበትም» ሲባል

«ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ፤ ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ በየክሊኒኩ ይሰማል። ጠያቂው አይፈረድበትም፤ «ራጅ ተነሣሁ» የምንለው ፎቶ ስንነሣ በምንጠቀምበት ግስ ነውና። ፎቶግራፍ የሚሠራው ከላያችን ላይ ነጥሮ በተመለሰ ብርሃን ሲሆን፣ ራጅ ግን ሰውነታችንን አልፎ በወጣና ውስጥ በቀረ ጨረር መካከል ያለው ልዩነት የሚሥለው ጥላ ነው።

ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት የአድዋ ጦርነት ተካሄደ፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም ጣሊያናዊው የጦር ሐኪም ጁሴፔ አልቫሮ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ከኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች በዚሁ ጨረር ፈለገ። ጥይት ከሥጋ ፈጽሞ የተለየ ማዕድን ስለሆነ ጥላው ጎልቶ ይወጣል። ዛሬም ብዙዎቻችን ማንኛውም በሽታ እንደዚያ ጥይት ፍንትው ብሎ እንዲታይ የምንጠብቅ ይመስለኛል።

ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በዋናነት ከሁለት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል። አንዳንዱ ፎቶን (የጨረሩ ቅንጣት) ከአቶም የውስጥ ኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል፤ የአቶም ቁጥሩ (በአቶሙ እምብርት ያሉ ፕሮቶኖች ብዛት) እጥፍ ሲሆን ይህ ዕድል ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ የጨረሩ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የአቶም ቁጥሩ ከፍ ያለ ካልሲየም የበዛበት አጥንት ጨረሩን አብዝቶ ውጦ ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ፎቶን የውጭ ኤሌክትሮንን ገፍቶ አቅጣጫውን ይስታል፤ ያለ ቦታው ስለሚያርፍም ምስሉን እንደ ጭጋግ ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ጉልበቱን መምረጥ የሚታየውን መምረጥ ነው። ለጡት ምርመራ፣ ሥጋን ከሥጋ ለመለየት፣ 30 ኪሎ ቮልት (የጨረሩን ጉልበት የሚወስነው የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበቃል፤ ለደረት ግን የጎድን አጥንቶች ደብዝዘው ከኋላቸው ያለው ሳንባ እንዲታይ ከ100 ኪሎ ቮልት በላይ መጠቀም የተለመደ ነው። ባለሙያው «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ» የሚለውም ለወግ አይደለም፤ አየር የሞላው ሳንባ ጨረሩን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የልብ ጠርዝ ከጎኑ ጥርት ብሎ ይወጣል። ልብን በቀኝ በኩል የሚነካው የሳንባ ክፍል በሳንባ ምች ፈሳሽ ሲሞላ ግን ሁለቱ እኩል ጨረር ስለሚውጡ ያ ጠርዝ ይጠፋል። ሐኪሙ በሽታውን የሚያውቀው ከጠፋው መስመር ነው።

ይህን ያህል ስስ ለሆነ ንባብ «የደረት ራጅ» ብቻ ተጽፎበት የሚላክ ማዘዣ እጅግ ያሳዝነኛል። ሳል ይሁን ውጋት፣ በየትኛው ጎን፣ ከስንት ቀን ጀምሮ የሚለው አንድ መስመር ቢታከልበት፣ ራጁን የሚያነበው ሐኪም የትኛውን ጠርዝ በድጋሚ ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ ታካሚውም ማዘዣውን ከመቀበሉ በፊት «ለምን እንደታዘዘልኝ ተጽፏል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።