ለመጠለያ አልጋ የሚወጣው ገንዘብ ቤት ይሥራበት

ብርድ ሲበረታና ጎዳና ላይ የሚያድረው ሰው ሲበዛ የከተማ አስተዳደሮች የሚያደርጉት ያው ነው። አዳራሽ ይከፈታል፣ አልጋ ይደረደራል፣ ብርድ ልብስ ይታደላል። በጀቱም “አስቸኳይ” ተብሎ በአንድ ስብሰባ ይጸድቃል። መደረጉ ተገቢ ነው፤ ማንም ሰው በብርድ መሞት የለበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ በሚቀጥለውም ዓመት፣ በሚቀጥለውም ያው ገንዘብ ለዚያው አልጋ መውጣቱ ነው።

የመጠለያ ኑሮ ምን እንደሚመስል እናስበው። ማታ አልጋ እንዳያመልጥህ በጊዜ ትሰለፋለህ። ስለዚህ የማታ ፈረቃ ሥራ ቢገኝም አትቀበልም። ጠዋት ገና በማለዳ “ውጡ” ትባላለህ። ልብስህን፣ መታወቂያህን፣ መድኃኒትህን በአንድ ሻንጣ ተሸክመህ ስትዞር ትውላለህ። ከእንቅልፍህ ስትነቃ ሻንጣው ላይኖር ይችላል። ቀጣሪ “አድራሻህ የት ነው?” ሲል የምትነግረው የለህም። እንዲህ እየኖረ ከጎዳና የሚወጣ ሰው ካለ መጠለያው ስለረዳው ሳይሆን እሱ ብርቱ ስለሆነ ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023/24 የበጀት ዓመት ለጊዜያዊ ማረፊያ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥተዋል። ከዚህ ብዙው የሚገባው ወደ ግል አከራዮችና የእንግዳ ማረፊያዎች ኪስ ነው። ለአንድ ክፍል የቱንም ያህል ዓመት ኪራይ ቢከፈል ክፍሉ የምክር ቤቱ አይሆንም። ልጆች ግን እዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ያድጋሉ።

ፊንላንድ ሌላ መንገድ መርጣለች። በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥትና ትልልቅ ከተሞች ወጪውን ተጋርተው መጠለያዎቹን ወደ መኖሪያ ቤት ለመቀየር ተስማሙ። ሄልሲንኪ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያድርበት የነበረ ትልቅ መጠለያ ተዘግቶ እድሳት ተደረገለትና እያንዳንዳቸው የራሳቸው በርና ቁልፍ ያላቸው ሰማንያ ገደማ ቤቶች ወጡት። የቀሩት ሰዎች ሌላ ቦታ ቤት ይፈለግላቸው ነበር። ቤት ያገኘው ሰው የኪራይ ውል ይፈርማል፤ ከገቢው ወይም ከሚያገኘው ድጎማ ኪራይ ይከፍላል። “መጀመሪያ መጠጥ አቁም፣ ሥራ ያዝ፣ ከዚያ ቤት ትሰጣለህ” አይባልም። ቤቱ ይቀድማል፣ ሌላው ድጋፍ ይከተላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ18 ሺህ በላይ የነበረው ቤት አልባ ቁጥር በ2023 ወደ 3,400 ገደማ ወረደ።

“ታዲያ ሰነፍ አይበዛም ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ሁሌም እሰማዋለሁ። ቤት የተሰጠው ሰው ቤቱን ይዞ ይቆያል ወይ የሚለው ግን ተጠንቷል። ካናዳ በአምስት ከተሞች ሁለት ሺህ ያህል ሰው ያሳተፈ ሙከራ አድርጋ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያለ ቅድመ ሁኔታ ቤት የተሰጣቸው፣ በተለመደው አሠራር ከቀሩት ይልቅ እጅግ የበዛውን ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ቆይተዋል።

ቤት መሥራት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ብዙ ከተማ ወድቋል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፕሩት አይጎ የሚባል 33 ሕንፃ ያለው ሰፈር ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተሠራ። ግንባታውን የፌዴራል መንግሥት ደገፈው። ጥገናው ግን ከተከራዮቹ ኪራይ እንዲሸፈን ተባለ። ተከራዮቹ ደሃ ናቸው፤ ከተማዋም ሕዝቧ እየሸሸ ነበር። ኪራይ ሲቀንስ ጥገና ቆመ። ሊፍት ተበላሸ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣ መስኮት ተሰበረ፣ አቅም ያለው ወጣ። ከ1972 ጀምሮ ሕንፃዎቹ አንድ በአንድ ፈረሱ። ብዙዎች ጥፋቱን በነዋሪዎቹና በሕንፃው ዲዛይን ላይ አላከኩት። እኔ የምጠይቀው በጀቱን ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ገንዘብ አለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማን ይከፍላል? ይህ ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ ካልተጻፈ ማንም አይከፍልም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቪየና ከተማ በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣለች። ውድ ቤት ውስጥ የሚኖር ብዙ ይከፍላል፣ ትንሽ ቤት ውስጥ የሚኖር ጥቂት። ገቢው ለቤት ግንባታ ብቻ የሚውል ነበር። በ1934 ከተማዋ ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ሠርታ ነበር። ሕንፃዎቹን አልሸጠቻቸውም፤ ዛሬ የከተማው ንብረት የሆኑት ቤቶች ከ200 ሺህ ይበልጣሉ። ግብሩ ከባድ ነበር፣ ባለሀብቶችም አጥብቀው ተቃውመውታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ገንዘቡ ለቤት ብቻ ተብሎ መታሰሩ ነው። በየዓመቱ እንደገና የሚለመን በጀት ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅ ግንባታ አያስጨርስም።

መሬትም እንዲሁ ነው። የመንግሥት መሬት ለከፍተኛ ተጫራች ሲሸጥ ገንዘቡ በአንድ ዓመት ያልቃል። በረጅም ጊዜ ኪራይ ቢሰጥ ግን መሬቱም ይቀራል፣ ቤቱ በዝቅተኛ ኪራይ እንዲከራይም ማስገደድ ይቻላል።

ከሁሉ የሚረክሰው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መድረስ ነው። ሥራዋን ያጣች እናት ሁለት ወር ኪራይ ቢወዘፍባት፣ ያንን ውዝፍ ከፍሎ አከራዩን ማነጋገር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ዝም ከተባለች ዕቃዋ ደጅ ይወጣል፣ ልጆቿ ከትምህርት ይቀራሉ፣ እሷም ለወራት ማረፊያ ትፈልጋለች። ያኔ የሚወጣው ገንዘብ ከሁለት ወሩ ኪራይ ብዙ እጥፍ ነው። ሆኖም ለአስቸኳይ መጠለያ በአንድ ቀን ፊርማ የሚገኝለት ገንዘብ፣ ለውዝፍ ኪራይ ሲሆን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል። ይሄ በፍጹም ሊገባኝ አይችልም።

ፊንላንድም ቢሆን ሥራዋን አልጨረሰችም። የቤት ኪራይ ድጎማ ሲቀነስ፣ ለዓመታት ሲወርድ የነበረው ቁጥር በ2024 ተመልሶ ወጣ። ስለዚህ የከተማችሁ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለቋሚ ቤት ስንት ተመደበ፣ ለጥገና ስንት፣ ለውዝፍ ኪራይ ስንት? መልሱ ለሦስቱም በቁጥር ይሰጣችሁ።